አሥራ ሁለት ፉርጎ፣ አንድ ዓይነት እድፍ

በሞዴል ባቡር ሠሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና በሥሩ የሚደረደሩትን ምላሾች፣ የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም ከእኔ ይጀምራል። ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነበር።

በ1 ለ87 ልኬት የተሠራ የዕቃ ባቡር አለኝ። አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ አሥራ ሁለት ፉርጎ፣ ከኋላ ደግሞ የባቡሩ ሠራተኞች የሚያርፉበት የጭራ ፉርጎ። ዘመኑ በአሜሪካ እንፋሎት ለናፍጣ ቦታውን እየለቀቀ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ቀኑን ቆርጬ ኦክቶበር 1953 ብዬዋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ፉርጎዎቹ ከሳጥናቸው ሲወጡ ያብረቀርቁ ነበር። የሠሩ፣ የደከሙ፣ ዝናብና ጥላሸት የጠገቡ እንዲመስሉ አንድ ወር ሙሉ ለፋሁባቸው። ስድስት ፎቶግራፍ አያይዤ የጠየቅኩት ይህንን ነው፦ ቀድሞ መጫወቻ ይመስል የነበረው ባቡር አሁን ጭቃ ውስጥ የወደቀ መጫወቻ የሚመስለው ለምንድን ነው? ዝገቱ አለ፣ አቧራው አለ፣ ጥላሸቱም አለ። ምን ጎደለው?

አርባ አንድ ምላሽ መጣ። በተራቸው እነግራችኋለሁ፤ አንዳንዱን እዘልላለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ።

1ኛው ጨዋ ሰው ነው። የእጄን ሥራ አመሰገነ፣ ቀለሙ በአየር ግፊት ሲረጭ አንድም ቦታ ጠብታ አለመሥራቱን አደነቀ፣ ስለ ጥያቄዬ ግን አንድ ቃል ሳይናገር መልካም ምሽት ተመኝቶልኝ ሄደ። 2ኛው ጥፋቱን ሁሉ አምፖሉ ላይ ጫነው። ቀለም የቀባሁበት ክፍል መብራት ቢጫ፣ ባቡሩ የቆመበት ክፍል መብራት ነጭ ከሆነ አንድ ወር የለፋሁበት ቡናማ ወደ ሌላ ቡናማ ይለወጣል አለ። እውነት ነው፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ሆኖም የእኔ በሽታ በሁለቱም መብራት ሥር ያው ነው።

3ኛው አሠራሬን ደረጃ በደረጃ እንድነግረው ጠየቀ። 4ኛውን ምላሽ ራሴ ጻፍኩ። ፉርጎዎቹን በአንድ ረድፍ ደረደርኳቸው፤ አንድ ቡናማ ቀለም በጥብጬ ከታች ወደ ላይ ረጨሁባቸው፤ ሲደርቅ በአልኮል የቀጠነ ጥቁር ቀለም አለበስኳቸው፤ በዚያ ላይ የዝገት መልክ ያለው ዱቄት በብሩሽ፤ በመጨረሻ ደብዛዛ ቫርኒሽ። አሥራ ሁለቱም በአንድ ቅዳሜ አለቁ። ይህንን የጻፍኩት በኩራት እንደነበር አልደብቅም።

5ኛው ምላሽ አንድ መስመር ነው። መልስህን ራስህ ጻፍከው የሚል መንፈስ ነበረው፤ አስቀየመኝ።

6ኛው ግን ያችን መስመር ፈታት። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ ይቅር ብባል የማስቀረው ይህንን ነው። የዕቃ ባቡር አብሮ ያረጀ ቤተሰብ አይደለም አለ፤ ከየአቅጣጫው መጥተው ለአንድ ሌሊት የተቀጣጠሉ እንግዶች ስብስብ ነው። አንዱ ፉርጎ የዚህ ኩባንያ ነው፣ ሌላው የዚያ። አንዱ ባለፈው ወር ከቀለም ቤት ወጥቷል፣ አጠገቡ ያለው ሃያ ዓመት ፀሐይ መትቶታል። ስለዚህ እድፋቸው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። አንድ ዓይነት ከሆነ ዓይን ወዲያው አንድ እጅ እንደ ነካቸው ያውቃል፤ ባቡሩ የሞተው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ገባ። በዘመኑ የነበረ ፉርጎ ጎኑ ላይ ባዶ ክብደቱና የተመዘነበት ወርና ዓመት ይጻፍበታል። ፉርጎ ሲሠራበት ክብደቱ ይለወጣል፤ እንጨቱ ይደርቃል፣ ብረቱ ይበላል፣ ጥገናው ሳንቃና ብሎን ይጨምርበታል። በመሆኑም በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። ሠራተኛው አሮጌውን ቁጥር በአዲስ ቀለም ሸፍኖ አዲሱን ክብደትና አዲሱን ቀን በላዩ ይጽፋል። ስለዚህ በወየበው ግድግዳ መካከል አንዲት ጠቆር ያለች፣ ገና ያልደበዘዘች ቁራጭ ትቀራለች። በእኛ ልኬት 4 ሚሊሜትር በ12 ሚሊሜትር ብትሆን ነው። ይህች ቁራጭ ከዝገት ዱቄት ሁሉ ይልቅ ስለ ዕድሜ ትናገራለች አለ።

ቀጠለና የፉርጎውን ጫፍ እንድመለከት አዘዘኝ። ባቡር በዝናብ ሲሮጥ የጎረቤቱ ፉርጎ መንኮራኩሮች ከሐዲዱ ላይ ውኃና ጭቃ እያነሱ ጫፉ ላይ ይረጫሉ፤ በዚያም በመንኮራኩሮቹ ትይዩ ሁለት ቀጥ ያሉ ጥቁር ሰንበሮች ይወጣሉ። እኔ ጫፉን ሁሉ እኩል ቀብቼዋለሁ። ደግሞም አብዛኞቹ ፉርጎዎች የሚቀቡት ቡናማ ራሱ ከብረት ኦክሳይድ የሚገኝ ርካሽ ቀለም ስለሆነ ሲያረጅ እንደ ጠመኔ ይነጣል፣ ወደ ሐመር ያደላል እንጂ ብርቱካናማ አይሆንም። እኔ የወየበ ቀለምና የዛገ ብረትን አንድ አድርጌያቸው ኖሯል።

7ኛው በዚህ አልተስማማም። በአንድ በረሃ አብረው ያለፉ ፉርጎዎች የአንድ በረሃ አቧራ ይለብሳሉ፤ እንግዶች ቢሆኑም መንገዱ ያዛምዳቸዋል አለ። 8ኛው ሁለቱንም አስታረቀ፦ መጀመሪያ እያንዳንዱን በየዕድሜው አስረጅ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ስስ የአቧራ ቀለም ዳብሳቸው፤ ይኸኛው በጣም ስስ ይሁን። ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ ማለቱ ነው። ከዚህ ወዲያ ስለ ጉዳዩ የሚጨመር ብዙ ባይኖርም ክሩ ገና መሞቁ ነበር።

ያሞቀው 9ኛው ነው። ፎቶግራፎቼን አጉልቶ መንኮራኩሮቹን አየ። ሁሉንም ብርቱካናማ ዝገት ቀብቼአቸዋለሁ፤ ቆንጆ ነበሩ። እርስዎ ብሎ በትሕትና ጀመረና በ1953 አብዛኛው የዕቃ ፉርጎ የሚሄደው በዘይት በሚርስ ተራ ኩሽኔታ እንደነበር አስረዳኝ። በአክስሉ ጫፍ ላይ ያለችው ሳጥን በዘይት የተነከረ ጥጥና ክር ተጠቅጥቆባታል፤ ዘይቱ ከኋላ እያፈተለከ የመንኮራኩሩን ፊት ያርሰዋል፣ አቧራው ይለጠፍበታል፣ ጥቁርና ወፍራም ቅባት ይሆናል። ዝገት እዚያ አይደርስም። የዛገ መንኮራኩር የሚታየው በኋላ ዘመን፣ ዘይት የማያፈስሰው ባለ ሮለር ኩሽኔታ ከተስፋፋ ወዲህ ነው። ስለዚህ ባቡሬ ከወገቡ በላይ 1953፣ ከወገቡ በታች ሃያ ዓመት የዘገየ ነው አለ።

10ኛው፣ ገና ጀማሪ መሆኑን ራሱ የተናገረ ልጅ፣ ጥብቅና ቆመልኝ። በዚያ መጠን መንኮራኩሩን ማን ያየዋል? ብሎ ጠየቀ። 11ኛው ምላሽ የ9ኛው ጸሐፊ ነው። እርስዎ ማለት ቀረ፤ ለልጁም ለእኔም አንተ ሆነ። የማይታይ ነገር ከሆነ ለምን ብርቱካናማ ተቀባ፣ ለመታየት አይደለም ወይ የሚል ነበር መልሱ። መራራ ነው፤ ክርክሩ ግን ቀዳዳ የለውም። ልጁ ዝም አለ። 12ኛው ገላጋይ ሆኖ ገባና አንድ ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ፦ የመንኮራኩሩን ፊት ቅቡ፣ ሐዲዱን የሚነካውን ጠርዝና ሾጣጣውን የአክስል ጫፍ ግን አትንኩ፤ አለበለዚያ ፉርጎው አይንከባለልም፣ ቀለሙም እየተላላጠ ሐዲዱን ያቆሽሻል።

ከዚያ የአደጋ ወሬ ተራ ሆነ። የ13ኛው ታሪክ ከእኔ ጋር ይመሳሰላል፤ እርሱ ግን ቅደም ተከተሉን ለውጦ ቫርኒሹን አስቀድሟል። ደብዛዛ ቫርኒሽ በተረጨበት ፉርጎ ላይ በአልኮል የቀጠነ ጥቁር ቀለም ሲያፈስስ ፉርጎው በዓይኑ ፊት ነጭ ሆነ፤ ውርጭ የወረደበት ይመስል ነበር። ሦስት ቀን አዝኖ ሊጥለው ሲል አንድ ወዳጁ ቫርኒሹን ደግሞ እንዲረጭበት መከረው፤ ነጩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያንን ነጭነት ሆን ብሎ ይሠራዋል፤ ፀሐይ የመታው ጣሪያ ሲፈልግ አልኮል ያፈስስበታል። 14ኛው እውነተኛ ዝገት ከእውነተኛ ብረት ይገኛል ብሎ የብረት ሱፍ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፈ። መልኩ ድንቅ ነበር። የብረቱ ብናኝ ግን በሐዲዱ ላይ ተበትኖ ኖሮ ሎኮሞቲቩ ሲያልፍ የሞተሩ ማግኔት ሰበሰበው። ባቡሩ ለሁለት ዙር በደንብ ሄደ፤ በሦስተኛው ጭስ ወጣው። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ጭስ ማየት ያምራል ብሎ ነበር የጨረሰው፣ ምስኪን።

15ኛው ዱቄቱን ቀብቶ ቫርኒሽ ሲረጭበት የት እንደሚጠፋበት ጠየቀ። 16ኛው የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ቫርኒሹ ዱቄቱን ያረጥበዋል፣ የረጠበ ዱቄት መልኩን ያጣል፤ ስለዚህ ወይ ከሚፈለገው እጥፍ አድርጎ መቀባት፣ ወይ ጨርሶ ቫርኒሽ አለመንካትና ፉርጎውን ከሥሩ ብቻ ማንሳት።

17ኛው ምላሽ ከርዕስ የወጣ ነበር፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ጸሐፊው ስለ እድፍ ግድ የለውም። ፉርጎዎቼ ስንት ይመዝናሉ ብሎ ጠየቀ። በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ያወጣው ምክር አለ፦ በእኛ ልኬት ለአንድ ፉርጎ መነሻ 1 አውንስ፣ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ደግሞ ግማሽ አውንስ። 14 ሴንቲሜትር ለሆነ ዝግ ፉርጎ ሲሰላ ወደ 106 ግራም ይመጣል። የቀለለ ፉርጎ በኩርባ ላይ ይወድቃል፣ የወደቀ ፉርጎ የቱንም ያህል ቢያምር የወደቀ ነው አለ። 18ኛው የእኔ ነው፤ ለምክሩ አመስግኜ አሁን የምንነጋገረው ስለ መልክ ነው ብዬ በትሕትና ዘጋሁት። ትሕትናው ላይ ላዩን ነበር።

19ኛው የጆን አለንን ስም አነሳ። በካሊፎርኒያ ሞንተሬ የነበረው ይህ ሰው ፉርጎና ሕንፃን አስረጅቶ ማሳየትን ለብዙዎች ያስተማረ፣ ፎቶግራፍ አንሺም የነበረ ነው። በ1973 መጀመሪያ ሞተ፤ ከቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበረው የባቡር ዓለሙ በእሳት ጠፋ። ምላሹ አዘን ያለበት ነበር። ሐዘኑን 20ኛው አፈረሰው። ያው ጆን አለን በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ መሃል ፉርጎ የምትገፋ ኤማ የምትባል ዳይኖሰር እንደነበረችው አስታወሰን። 21ኛው ጀርባዋ ላይ ጋሻ የመሰሉ ሰሌዳዎች የተተከሉባት ዓይነት መሆንዋን ጨመረ። ቀጥሎ ዳይኖሰር በየስንት ዓመቱ ይመዘናል የሚል ቀልድ ተጀመረና ክሩ ጨርሶ ሊጠፋ ነው ብዬ ሳስብ 22ኛው ደረሰ።

ሰውየው ከዚያ በፊት አንድም ቃል አልጻፈም፤ ከዚያ በኋላም አልጻፈም። አራተኛውን ፎቶግራፍ ነው የተመለከተው። እዚያ ላይ ያለው ሰባተኛው ፉርጎ ከሁሉ ይልቅ የደከምኩበት፣ የምወደው ነው። በሩ ጎብጧል፣ ዝገቱ ከየብሎኑ ሥር እንደ እንባ ወርዷል፣ ጣሪያው ተላልጧል። 22ኛው በትሕትና፣ እርስዎ እያለ፣ ከበሩ በስተግራ በታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እንዳነብ ጠየቀኝ። 6ኛው ምላሽ ያወራላት የሚዛን ጽሑፍ ናት። ከቁጥሩ ጎን «ኒው» የሚል ቃልና 6-56 የሚል ቀን አለ። «ኒው» ማለት ፉርጎው ከፋብሪካ ሲወጣ ተመዝኖ ከዚያ ወዲህ ሚዛን አልነካም ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ በኦክቶበር 1953 ሃያ ዓመት ያረጀው ፉርጎዬ ለመሠራት ገና ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይቀረዋል።

አጉሊ መነጽር ይዤ ሄድኩ። ጽሑፉ ቁመቱ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ዝገቱን ስቀባ በጥንቃቄ ዙሪያውን አልፌዋለሁ። አይቼዋለሁ ማለት ነው፤ አላነበብኩትም እንጂ። 23ኛው ምላሽ የእኔ ነው፤ ባለ ሁለት ቃል።

ከ24 እስከ 27 ያሉት መፍትሔ አቅራቢዎች ናቸው። አንዱ ፉርጎውን መደርደሪያ ላይ አኑረው አለ። አንዱ ዓመቱን ወደ 1957 ግፋው፣ ሁሉም ይታረቃል አለ። ሌላው ወዲያው ያዘው፦ በ1957 እኮ እንፋሎቱ እየተሟጠጠ ነው፣ ሎኮሞቲቩን ሊቀይር ነው ወይ? ደግሞም የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ያለው አሮጌ ፉርጎ የድሮው ዓይነት ፍሬን አለው፤ ያ ፍሬን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው በሚተላለፉ ፉርጎዎች ላይ በ1953 ታግዷል፤ ዓመቱ ሲገፋ ያኛው ከሕግ ይበልጥ ይርቃል። 27ኛው ቀላሉን ተናገረ፦ ቀኑን ፍቀህ ሌላ ጻፍ።

እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። 28ኛው ሌላ ጉድ አገኘ። በበረዶ የሚቀዘቅዘው ፉርጎዬ ጎኑ ላይ ትልቅ የቢራ ማስታወቂያ አለው። የአሜሪካ የክፍለ ግዛቶች ንግድ ኮሚሽን በ1934 በፉርጎ ላይ በሚለጠፉ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያዎች ላይ ፈርዶባቸዋል፤ የ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ ከሐዲዱ ጠፍተዋል። ስለዚህ አንዱ ፉርጎዬ ገና አልተወለደም፣ ሌላው ሞቶ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

29ኛው ተቆጣ። ሰውየው ደስ ብሎት የሠራውን ባቡር እንከን ለቃሚዎች በልታችሁ ጨረሳችሁት፣ የቢራ ፉርጎ ካማረው ይኑረው፣ ዳይኖሰር ሲሆን ጭብጨባ ቢራ ሲሆን ክስ ነው ወይ አለ። የመጨረሻው ነጥብ ጥሩ ነው። 30ኛው፣ ማለትም ያው ባለ መንኮራኩሩ የ9ኛው ጸሐፊ፣ አጸፋውን መለሰ፦ ጥያቄውን ያመጣው ባለቤቱ ነው፤ ምን ጎደለው ብሎ ጠይቆ የጎደለው ሲነገረው የሚቆጣው ጠበቃ ከየት መጣ? ጆን አለን ዳይኖሰሩን ሲሠራ ዳይኖሰር መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ይህኛው ግን ፉርጎው 1956 መሆኑን አላወቀም። አዎ፣ አላወቅኩም። ሁለት ምላሽ ከዚህ በኋላ ተሰርዟል፤ የተቆጠሩት ግን ይቀጥላሉ። 31ኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ ርዕሱ እንዲመለስ አሳሰበ።

32ኛው በትክክል ያንን አደረገ። ጃክ ዴላኖ በ1942 እና በ1943 ለአሜሪካ መንግሥት የባቡር ሥራን ያነሳቸው የቀለም ፎቶግራፎች በኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ከእነርሱ አጠገብ አስቀምጠህ ቅባ አለኝ። ከማስታወስ አትቅባ፤ ከሌላ ሰው ሞዴልም አትቅባ፤ የሌላውን ስሕተት ትወርሳለህ። 33ኛው የድሮ ፊልም ቀለም እምነት የለውም ሲል ተከራከረ። 32ኛውን ያልሆነ ሌላ ሰው፣ 34ኛው፣ ዴላኖ የተጠቀመበት ኮዳክሮም በጨለማ ሲቀመጥ ቀለሙን በመጠበቅ የታወቀ እንደሆነ፣ ወደ ቀይ የሚያደሉት ሌሎች ፊልሞች እንደሆኑ አስተካከለ። ከዚያም ፊልም ላይ አንድ ነገር እንድፈልግ ነገረኝ፦ ጠመኔ። በዘመኑ የማዞሪያ ጣቢያ ጸሐፊዎች ፉርጎው ወዴት እንደሚሄድ በጠመኔ ጎኑ ላይ ይጽፋሉ፤ የሚቀጥለው በላዩ ይጽፋል፤ ዝናብ ግማሹን ያጥበዋል። በቀለም ርጭት የተሣለ ሥዕል የሌላ ዘመን ነው፤ ጠመኔው ግን የ1953 ነው።

ሄጄ ፎቶግራፎቹን አየሁ። ያየሁትን ልናገር። አንድ ሰፊ የማዞሪያ ጣቢያ ከከፍታ ላይ ተነስቷል፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ጣሪያዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ጣሪያ ፈልጌ አጣሁ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የዝገት መልክ፣ አንዱ ቀለሙ ተላልጦ ከሥሩ ብረቱ ግራጫ ሆኖ የሚታይ፣ መሃላቸው ደግሞ አንድ ንጹሕ፣ ትናንት የወጣ የሚመስል። ዓይኔን የያዘው ንጹሑ ነው። እርሱ ባይኖር ሌሎቹ አሮጌ መሆናቸውን ምን ይነግረኛል?

35ኛው በበሩ ላይ ስለምትለጠፈው ትንሽ የመንገድ ወረቀት ጻፈ፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ጥጉ ግን ከምስማሩ ጋር ይቀራል፤ አንዲት ነጭ ነጥብ በቂ ናት። 36ኛው የከብት ፉርጎዬ ለምን ነጭ እንዳልነካው ጠየቀ። ከከብት በኋላ ፉርጎው በኖራ ይጸዳ ስለነበር የታችኛው ርብራብ ላይ ነጭ ፍንጣቂ ይቀራል። 37ኛው ስለ በረዶ ፉርጎዎች ተመሳሳይ ነገር ጨመረ፦ በረዶው ላይ ጨው ይጨመራል፣ ጨዋማው ውኃ እየፈሰሰ ከሥር ያለውን ብረት ይበላል። ስለዚህ የበረዶ ፉርጎ ጎኑ ታጥቦ ብርቱካናማ ቀለሙ ቢያበራ እንኳ ከሥሩ የዛገ ሊሆን ይችላል። ብርቱካናማ ጎን፣ የተበላ እግር። እኔ በተቃራኒው ነበር የሠራሁት፤ ጎኑን አቆሽሼ እግሩን ረስቼዋለሁ።

38ኛው የእኔ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ። አሥራ ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ የጨረስኩ ሰው ለአንዱ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ሰባተኛውን ፉርጎ መረጥኩ። 6-56 የምትለዋን ጽሑፍ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍና በጥቂት አልኮል ቀስ እያልኩ ፈቀቅኋት። ቦታውን በአዲስ ቡናማ ቀባሁ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጌ፣ ለማደብዘዝ ሳልሞክር። ሲደርቅ ከተለጣፊ ጽሑፎች ወረቀት ላይ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ቆርጬ በወረንጦ አስቀመጥኳቸው። አንዱ 5 ጣቴ ላይ ተጣብቆ ጠፋ፤ ሁለተኛው ተገልብጦ ተቀመጠ፤ ሦስተኛው ቆመ። አሁን «ኒው» የለም፤ በቦታው የጥገና ቤት ምልክትና 4-52 አለ። መንኮራኩሮቹ ጥቁር ሆነዋል። ጫፎቹ ላይ ሁለት ሁለት ሰንበር አለ። ከበሩ በስተግራ ማንም ሊያነበው የማይችል የጠመኔ ጭረት አለ። አጠገቡ ያለውን ስምንተኛውን ደግሞ አጥቤ አዲስ አድርጌ መለስኩት፤ መንኮራኩሩን ብቻ ትንሽ አቧራ አስነካሁት። የቢራው ፉርጎ የትም አይሄድም፤ ለ29ኛው ስል ተውኩት። ፎቶግራፍ አንስቼ ለጠፍኩ።

39ኛው 10ኛው ልጅ ነው። ሁለቱን ፉርጎዎች አይቶ አሮጌው ካለፈው ጊዜ ይልቅ ያነሰ እድፍ እያለው ያረጀ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። 40ኛው የ9ኛው ጸሐፊ ነው። መንኮራኩሮቹን አይቻለሁ፣ እርስዎ ይመስገኑ አለ። ወደ እርስዎ ተመልሰናል።

41ኛው የ17ኛው ጸሐፊ ነው። ስለ ቀኑ፣ ስለ ጠመኔው፣ ስለ ሰንበሩ አንድም ነገር አላለም። በፎቶግራፉ ላይ የሰባተኛው ፉርጎ የኋለኛው ቦጂ፣ ማለትም መንኮራኩሮቹን የሚሸከመው ጋሪ፣ ከሐዲዱ ወጥቶ መቆሙን ብቻ ጠቆመኝ።

ሄጄ አየሁት። ወጥቷል። አንስቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ጎኑ ላይ የሚዛን ቀን የጻፍኩበት ፉርጎ 71 ግራም ሆነ።